ጫማው ከወለቀ በኋላ፦ በቡድሂስት ገዳም የእንግዳ ወግና ምግባር

በኦክቶበር 1919 በበርማ፣ በማንዳሌ ከተማ፣ ጥቂት አውሮፓውያን ጫማቸውን እንደተጫሙ ኤይንዳውያ ፓጎዳ ወደተባለው የቡድሂስቶች መቅደስ ግቢ ዘው ብለው ገቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነኮሳቱ ተቆጡ፤ ነገሩ ከቃል ወደ ዱላ አለፈ፤ ፍርድ ቤትም ደረሰ። የመነኮሳቱ መሪ የነበሩት ኡ ኬታያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በርማ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ገዥዎቹ በፓጎዳ ደጃፍ ጫማ ማውለቅ ክብራቸውን የሚነካ ስለሚመስላቸው እንዳሻቸው ሲገቡ ኖረዋል። ስመ ጥሩው መምህር ሌዲ ሳያዶው በፓጎዳ ግቢ መጫማት ነውር መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትመው ነበር፤ የወጣት ቡድሂስቶች ማኅበርም ስብሰባ እየጠራ ይሟገት ነበር። በመጨረሻ አስተዳደሩ በየፓጎዳው ምን እንደሚለበስና ምን እንደሚወለቅ የመወሰኑን ሥልጣን ለፓጎዳዎቹ አለቆች ለቀቀ። ይህ «የጫማ ጉዳይ» በበርማ የነጻነት ንቅናቄ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች እንደ አንዱ ይቆጠራል።

የበርማዎቹ ቁጣ ለኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማውን አውልቆ ሲገባ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ጫማው ከወለቀ በኋላ ነው። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የሌላ አገርና የሌላ እምነት ሰዎች ተመስጦ ለመማር ወደ ታይላንድ፣ ወደ በርማ፣ ወደ ስሪላንካና ወደ ጃፓን ገዳማት በብዛት ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ይዘውት የሚሄዱት ግምት አንድ ዓይነት ነው። ቁም ነገሩ ዓይንን ጨፍኖ የሚቀመጡባት ሰዓት ናት፤ ስግደቱ፣ መጥረጊያው፣ የሳህኑ አያያዝ የአገሬው ልማድ ስለሆነ በትዕግሥት የሚታለፍ ነው ይላሉ። ገዳማቱ በዚህ አይስማሙም። አንድ ሰው ከተመስጦው ያገኘው ነገር ካለ የሚታወቀው በመጥረጊያው አያያዝ ነው ብለው ያምናሉ፤ ሥርዓታቸውንም የሠሩት በዚሁ እምነት ላይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በኡቦን ራቻታኒ ግዛት የሚገኘው ዋት ፓ ናናቻት ነው። በ1975 የመሠረቱት የደን መነኩሴው አጃን ቻ ናቸው፤ «አጃን» ለመምህር የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ቦታው ቡንግ ዋይ በተባለ መንደር አጠገብ፣ ቀድሞ የመንደሩ ሰዎች የሙታናቸውን አስከሬን የሚያቃጥሉበት ደን ነበር። ገዳሙ ከሌላ አገር ለሚመጡ ደቀ መዛሙርት የተቋቋመ ስለሆነ ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው አበምኔት አጃን ሱሜዶ አሜሪካዊ ናቸው። ከመመንኮሳቸው በፊት በአገራቸው ባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ በኢትዮጵያም በሚታወቀው የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኝነት በቦርኒዮ ደሴት አስተምረዋል።

እኚህ ሰው በ1967 አጃን ቻ ዘንድ ሲደርሱ የቀረበላቸው ቅድመ ሁኔታ እንደ ሌሎቹ መኖር ነበር። የተለየ ምግብ ወይም የተለየ አያያዝ አይጠበቅም። ሱሜዶ ራሳቸው በኋላ ሲያወሩት እንደሚስቁበት፣ መጀመሪያ ላይ ያስቆጣቸው የእግር አጠባው ነበር። አጃን ቻ ከጠዋቱ የምጽዋት ዙር በባዶ እግራቸው ሲመለሱ መነኮሳቱ እየተሽቀዳደሙ እግራቸውን ያጥባሉ። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ለወጣ ሰው ትዕይንቱ የሞኝ ሥራ ይመስል ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሱሜዶ ሳያስቡት ራሳቸውን ከአጣቢዎቹ መሐል አገኙት፤ ሲያንገሸግሻቸው የከረመው ነገር ደስ አላቸው።

ሁለተኛው ታሪካቸው የቅጠል ነው። በሐሩሩ ወራት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መነኮሳቱ የደኑን መንገድ በረጅም መጥረጊያ ይጠርጋሉ፤ እነሱ ሲጠርጉ ዛፎቹ ያራግፋሉ። ሱሜዶ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ እዚህ የመጣሁት ልመሰጥ እንጂ ቅጠል ልጠርግ ነው ወይ እያሉ በሆዳቸው ሲያጉረመርሙ አጃን ቻ መጡ። ፈገግ ብለው ሥቃዩ ያለው የት ነው፣ ገዳሙ ውስጥ ነው ወይ ብለው ጠየቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሱሜዶ ነገሩን ሲያወጡና ሲያወርዱት መጥረጉ ከባድ ሥራ አለመሆኑን፣ የሚያቃጥላቸው የራሳቸው ማጉረምረም መሆኑን አዩ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ብዙ ጊዜ ነግረውታል፤ ለአዲስ እንግዳ የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

በዋት ፓ ናናቻት ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በደወል ነው። ጸሎቱ ይዜማል፤ ተመስጦው ይከተላል። ሲነጋ መነኮሳቱ ሳህናቸውን ይዘው በባዶ እግር ወደ መንደሮቹ ይወጣሉ፤ ገበሬዎቹ በየደጃቸው ቆመው ሩዝ ይሰጧቸዋል። የቀኑ ብቸኛ ማዕድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግሥቱ የሚበላ የለም። ከሰዓት በኋላ የጋራ ሥራ፣ ከዚያ ሻይ፣ ሲመሽ እንደገና ጸሎትና ተመስጦ አለ። እንግዳው ነጭ ልብስ ለብሶ ይህን ሁሉ ከማኅበሩ ጋር ይውላል። ሰንበትበት ያለ ወንድ ጸጉሩን ይላጫል።

እንግዳው በገዳሙ እስካለ ድረስ ስምንት ሕግጋትን ይጠብቃል። ነፍስ ያለውን ሁሉ አይገድልም፤ ትንኝም ከነፍሳት ወገን ናት። ያልተሰጠውን አይወስድም። ከሩካቤ ይርቃል። አይዋሽም። የሚያሰክር ነገር አይቀምስም። ከቀትር በኋላ አይበላም። ከዘፈን፣ ከጭፈራ፣ ከሽቶና ከጌጥ ይታቀባል። በከፍተኛና በምቹ አልጋ ላይ አይተኛም። ዝርዝሩ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚፈተነው በሰባተኛው ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ሙዚቃና ፊልም የዚህ ሕግ ጉዳይ መሆኑን ሲረዳ።

መነኮሳቱ ደግሞ በ227 ደንቦች የታሰሩ ናቸው፤ የእንግዳው ምግባር ግማሹ እነዚህን ደንቦች ሳያውቅ እንዳያስጥሳቸው መጠንቀቅ ነው። መነኩሴ ከውኃ በስተቀር በእጅ ያልተሰጠውን አይቀምስም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማር ለእሱ «የተሰጠ» አይደለም፤ አንድ ሰው አንሥቶ ሊያቀብለው ይገባል። ዘር ያለው ፍሬ ሲሆን ምእመኑ አስቀድሞ በቢላ ወይም በጥፍሩ ጫር ያደርገዋል፤ መነኩሴ ዘርን ማበላሸት አይፈቀድለትምና። አፈር መቆፈርም ሆነ ቅጠል መበጠስ ለእሱ ክልክል ነው። ስለዚህ አረም ማረም፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ቅርንጫፍ መቁረጥ የእንግዳውና የመንደሩ ሰው ድርሻ ይሆናል። የደን መነኮሳት ገንዘብ አይነኩም፤ መስጠት የሚፈልግ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል እንጂ ብር ወደ መነኩሴ እጅ አይዘረጋም።

ከሴቶች ጋር ያለው ደንብ ለእንግዳ ዓይን ከሁሉ ይከብዳል። በታይላንድ ሴት ዕቃ ለመነኩሴ በቀጥታ አታቀብልም፤ እሱ ጨርቅ ዘርግቶ፣ እሷ ጨርቁ ላይ አስቀምጣ፣ እሱ ያነሣል። ብቻቸውን ተነጥለው አይቀመጡም፤ በገዳሙም የሴቶች ማደሪያ ለብቻው ነው። አንዳንድ ሴት ጎብኚ ይህን እንደ ንቀት ስትወስደው ይታያል። ደንቡ ግን የታሰረው መነኩሴው ላይ ነው፤ ቢነካት ተጠያቂው እሱ ነው። በታይላንድ ሴቶች እንደ ወንዶቹ ሙሉ ምንኩስና የማይፈቀድላቸው መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያው ቡድሂስቶቹን የሚያከራክር ስለሆነ እንግዳ ቢጠይቅበት ነውር የለውም።

ስለ አካል አቀማመጥ ደግሞ አገሬው የሚከተለው አንድ መርሕ አለ፦ ራስ ከሁሉ የከበረ፣ እግር ከሁሉ የተናቀ የአካል ክፍል ነው። በዚህ የተነሣ የእግርን መዳፍ ወደ ቡድሃ ምስል ወይም ወደ መነኩሴ ዘርግቶ መቀመጥ ስድብ ነው፤ እግር ወደ ጎን ይታጠፋል። በተቀመጠ መነኩሴ ፊት የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ይላል። የሕፃንን ራስ እንኳ ማሻሸት አይወደድም። የጸሎት መጽሐፍ ወለል ላይ አይጣልም፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል።

ስግደቱ ሦስት ነው፤ ለቡድሃ፣ ለትምህርቱ፣ ለማኅበረ መነኮሳቱ። ጉልበት፣ መዳፍና ግንባር መሬት ይነካሉ። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ እንግዳ እዚህ ላይ ቢያመነታ አይደንቅም። መምህራኑ ስግደቱን የሚያስረዱት መንገዱን ላሳየ አስተማሪ እንደሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ከምስሉ የሚለመን ነገር የለም ይላሉ። ማብራሪያው ሕሊናውን ያላሳረፈለት ሰው ሌሎች ሲሰግዱ በጸጥታ ተንበርክኮ ወይም ተቀምጦ ቢጠብቅ ብዙ ገዳማት አያስገድዱትም። የሚያስቀይመው መሐል ቆሞ ማየት ነው፤ ከዚያ የባሰው ፎቶ ማንሣት ነው። ለሳምንታት ሊቆይ ያሰበ ግን ጉዳዩን ከመሄዱ በፊት ቢወስን ይሻላል፤ የገዳሙ ቀን በስግደት ተጀምሮ በስግደት ያልቃልና።

በጃፓን ይኸው ትምህርት ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። ሶቶ ዜን የተባለው የቡድሂዝም ወገን የጃፓን መሥራች ዶገን በ1223 ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ ትምህርት ፍለጋ ወደ ቻይና ተሻገረ። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ የስልሳ አንድ ዓመት መነኩሴ የጃፓን እንጉዳይ ሊገዙ መጡ፤ የአንድ ትልቅ ገዳም ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዶገን እንዲያድሩ ለመናቸው። የነገውን ምግብ ማን ያዘጋጃል ብለው እምቢ አሉ። በእርስዎ ዕድሜ ተቀምጦ መመሰጥና መጻሕፍት መመርመር አይሻልም ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁና ልምምድ ምን እንደሆነ ገና አልገባህም አሉት። ዶገን ይህን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። በ1237 ለገዳም ወጥ ቤት ኃላፊዎች መመሪያ ሲጽፍ ታሪኩን በውስጡ አሰፈረው፤ ሩዝ ማጠብና አትክልት መልቀም ከተመስጦ አያንስም የሚለውን ትምህርቱን የመሠረተው በእሱ ላይ ነው።

በ1244 በተራራማው የኤቺዘን አውራጃ፣ በዛሬው ፉኩይ፣ የመሠረተው ገዳም ኤይሄይጂ ይባላል። እስከ ዛሬ መነኮሳት ይሠለጥኑበታል፤ ምእመናንና የውጭ እንግዶችም አድረው ሥርዓቱን ይካፈላሉ። መነኮሳቱ በበጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ በክረምት 10 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ። በሠልጣኞቹ አዳራሽ የአንድ መነኩሴ ድርሻ አንዲት የታታሚ ምንጣፍ ናት፤ ርዝመቷ 180 ወርዷ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚመሰጠውም፣ የሚበላውም፣ የሚተኛውም እዚያች ላይ ነው። ሦስት ቦታዎች ንግግር ፈጽሞ የተከለከለባቸው ናቸው፦ አዳራሹ፣ መታጠቢያ ቤቱና መጸዳጃ ቤቱ። ዶገን ስለ ፊት አስተጣጠብና ስለ መጸዳጃ አጠቃቀም ረጃጅም ምዕራፎች ጽፏል። በቻይና ገዳማት መፋቂያ መቅረቱን አይቶ በአፍ ጠረናቸው ማማረሩም እዚያው ተጽፎ ይገኛል። በገዳሙ አጠገብ ያለ ድልድይም የሚታወስበት ትውፊት አለው፤ ዶገን በጭልፋ ከቀዳው ውኃ ግማሹን ወደ ጅረቱ ይመልስ ነበር ይባላል።

ወደ ሶቶ ዜን አዳራሽ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚማረው አረማመድ ነው። ደፍ አይረገጥም። እጆች አይወዛወዙም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ደረት ላይ ያርፋል። ሰላምታው ሁለቱን መዳፎች ገጥሞ ጎንበስ ማለት ነው። ሰውየው ለሚቀመጥበት ትራስ ይሰግዳል፤ ዞሮም ከፊት ለፊቱ ላሉት ይሰግዳል፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ወገብ ይቃናል፣ ዓይን ግማሽ ክፍት ይሆናል። ያንቀላፋውን ወይም የጎበጠውን ተቆጣጣሪው በጠፍጣፋ እንጨት ቀኝ ትከሻውን ይመታዋል፤ ከመምታቱ በፊትም ሆነ ከመታ በኋላ ሁለቱ እጅ ይነሣሣሉ። በብዙ ቦታ እንግዳ የሚመታው ራሱ በምልክት ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ማዕዱም ትምህርት ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ሳህኖች በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀርባሉ፤ አፈታታቸው፣ አደራደራቸውና መልሶ አጠቃለላቸው የተወሰነ ቅደም ተከተል አለው። በምግቡ መጨረሻ ሳህኑ በትኩስ ውኃ ይታጠባል፤ ከዕጣቢው የተወሰነው ይጠጣል። አዲስ ሰው ጨርቁ ይወሳሰብበታል፤ ማንኪያው ይወድቅበታል፤ አዳራሹ ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ይህ የሚያሳፍር ቢመስልም የታሰበበት ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጽበት ልብን እጅ ላይ ማኖር የሚለመደው እንዲህ ነው።

በአንዱ ገዳም የተማሩትን ሥርዓት ሳይጠይቁ ወደ ሌላው መውሰድ ግን ያሳስታል። በታይላንድ ከቀትር በኋላ መብላት የተከለከለ ሲሆን በጃፓን የዜን ገዳማት ማታም ይበላል። የታይላንዱ መነኩሴ አፈር አይቆፍርም፤ የዜኑ መነኩሴ አትክልት ይኮተኩታል። በጃፓን ከ1872 ወዲህ መንግሥት የመነኮሳትን ጋብቻ አልከለከለም፤ በየሰፈሩ ያሉ ብዙ የቤተ መቅደስ አለቆች ባለትዳሮች ናቸው። በበርማ ካልሲም ይወለቃል። በቲቤታውያን ቡድሂስቶች ዘንድ በተቀደሰ ሕንፃ ዙሪያ የሚዞረው ሁልጊዜ ቀኝን ወደ ሕንፃው አድርጎ ነው።

በስሪላንካ ለቡድሃ ምስል የሚሰጠው ክብር ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በ2012 ሦስት ፈረንሳውያን ጎብኚዎች የቡድሃን ሐውልት ሲስሙ በተነሡት ፎቶ ምክንያት ጋሌ ከተማ ላይ የታገደ የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። በ2014 አንዲት እንግሊዛዊት ክንዷ ላይ በተነቀሰችው የቡድሃ ምስል ተይዛ ከአገር ተባረረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2017 መብቷ መጣሱን ወስኖ ካሳ እንዲከፈላት አዟል። ሕጉ እንዴት መተርጎም እንዳለበት ስሪላንካውያን ራሳቸው ይከራከራሉ፤ ለሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ራስን ፎቶ ማንሣት ግን ነውር መሆኑ አያከራክራቸውም።

ከውጫዊው ሥርዓት ባሻገር የልብ ዝንባሌ የሚባለውም ነገር የራሱ መመዘኛ አለው። መነኩሴን ከማኅበሩ የሚያስወጡት ከባዶቹ ጥፋቶች አራት ናቸው፦ ሩካቤ፣ ስርቆት፣ ሰው መግደል፣ አራተኛው ደግሞ ያልደረሱበትን የመንፈስ ከፍታ ደረስሁ ብሎ ሆን ብሎ መዋሸት ነው። ለአራተኛው የተሰጠው ክብደት ለእንግዳም ትልቅ ፍንጭ ነው። ትናንት ማታ ብርሃን አየሁ፣ ሰውነቴ ቀለለ እያለ በሻይ ሰዓት የሚያወራ ሰው በገዳም ወግ ጨዋ አይባልም። ያጋጠመውን ለመምህሩ ለብቻው ይነግራል፤ ለሌላው ዝም ይላል። የጎረቤቱን አቀማመጥና የመነኮሳቱን ስንፍና መቁጠርም እንደዚያው ነው። ሥርዓቱን የሚጠብቀው ለራሱ እንጂ ሌላውን ሊቆጣጠርበት አይደለም።

ትሕትና ሲባል ግን አእምሮን በር ላይ ጥሎ መግባት ማለት አይደለም። ካላማ ለተባሉ ሰዎች ቡድሃ ሰጠው የሚባለው ዝነኛ ትምህርት አንድን ነገር ከጥንት የወረደ ስለሆነ ወይም መምህር ስለተናገረው ብቻ እንዳይቀበሉት ያስጠነቅቃል። ይህ ጥንቃቄ በዘመናችንም አስፈልጓል። በ1983 የሳን ፍራንሲስኮ ዜን ማዕከል አበምኔት በምግባር ቅሌት ምክንያት ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ ማዕከሉም በኋላ የሥነ ምግባር ደንብና የአቤቱታ መንገድ አዘጋጀ። ለመምህር መስገድና በመምህር ሲበደሉ ዝም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምስጢር እንዲጠብቅ፣ ገንዘብ እንዲያመጣ ወይም ሰውነቱን እንዲሰጥ የሚጠየቅ እንግዳ ዕቃውን ሸክፎ ቢወጣ የጣሰው ሥርዓት የለም።

እንግዲህ መሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ለገዳሙ ይጻፍና እስኪፈቀድለት ይጠብቅ፤ ሳያስታውቁ መድረስ በብዙ ቦታ ማደሪያ ያሳጣል። መድኃኒት የሚወስድ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሳይደብቅ ይናገር፤ ረጅም ዝምታና ጥቂት እንቅልፍ ለሁሉም አይስማማም። ሰፋ ያለ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሌሊት ደወል የሚሰማ ጆሮ ይዞ ይሂድ። እዚያ ሲደርስ ያላወቀውን አንድ ነባር ሰው ይጠይቅ፤ የሚጠየቅ ሰው ከሌለ አጠገቡ ያለውን አይቶ ይከተል። ሲወጣም የተኛበትን ጎጆ ጠርጎ፣ የተዋሰውን አጥቦ ይመልስ። በዋት ፓ ናናቻት የማደሪያና የምግብ ሒሳብ የሚባል ነገር የለም፤ እንግዳው የበላው ሩዝ የመጣው በየማለዳው በየደጃቸው ከሚቆሙት ገበሬዎች ነው።